ናሆም ያልመጣበት ሰኞ

የምታውቁት ሰው ስልኩ ዝግ ሲሆንባችሁ መጀመሪያ የሚመጣላችሁ ሐሳብ ምንድን ነው? ባትሪ ጨርሶ ነው? ተቀይሞኝ ነው? ሆን ብሎ እየሸሸኝ ነው? እኔ ከዚያ ሰኞ በፊት እንደማንኛችሁም ነበርኩ። አንዱን ግምት አንስቼ ሌላውን ጥዬ ወደ ሥራዬ እመለስ ነበር። አሁን አልችልም። ለምን እንደማልችል ልንገራችሁ።

ጊዜው 2011 ዓ.ም. ነው። ካዛንቺስ ውስጥ፣ ከሥሩ ቁርስ ቤትና ፎቶ ኮፒ ቤት ያለበት ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በአንዲት ትንሽ የሶፍትዌር ድርጅት እሠራ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ብዙም አልቆየሁም። ፈሪ ነበርኩ። ማለቴ፣ ስብሰባ ላይ ጥያቄ ሲኖረኝ ጎኔ ለሚቀመጠው ልጅ በሹክሹክታ ነግሬው እሱ እንዲጠይቅልኝ የማደርግ ዓይነት ፈሪ። ያ ልጅ ናሆም ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቀልድ የማያልቅበት፤ ስለ ራሱ ግን አንዲት ቃል የማይወጣው። ምሳ አብረን እንበላለን፣ ታክሲ አብረን እንሰለፋለን፤ እናትና አባቱ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ ግን አላውቅም ነበር።

የምንሠራው የሰሊጥ ነገር ነው። ሰሊጥ ከገበሬዎቹ ማኅበር ይነሳል፣ አዳማ ካለው ማበጠሪያ መጋዘን ይገባል፣ ጥራቱን የሚመረምር ክፍል ያየዋል፣ ከዚያ ላኪው ተረክቦ ወደ ውጭ ይልከዋል። በየመሐሉ ጭቅጭቅ ነው። አንዱ «እኔ ስልከው ንጹሕ ነበር» ይላል፣ ሌላው «እኔጋ ሲደርስ የተቀላቀለ ነው» ይላል። ስለዚህ ለአራቱም ወገኖች በየቢሯቸው አንዳንድ ኮምፒውተር አስቀመጥን። ኖድ እንላቸዋለን። አንዱ ጋ የተመዘገበው ሌሎቹም ጋ ይመዘገባል፤ አንዱ ወገን ተደብቆ ልቀይር ቢል የተቀሩት አይቀበሉትም። ያኔ ብሎክቼይን የሚለው ቃል በየካፌው ይሰማ ነበር፤ በተግባር የሞከረው ግን ጥቂት ነው። እኛ ከጥቂቶቹ ነበርን፤ ኩራታችን ሌላ ነበር።

ኖዶቹ እርስ በርስ የሚተዋወቁት በሰርተፍኬት ነው። እንደ ቀበሌ መታወቂያ አስቡት፤ ጊዜው ሲያልፍ ይታደሳል፣ ካልታደሰ «አላውቅህም» ይባባላሉ። የሚያድሰው ቢሯችን የተቀመጠ አንድ ኮምፒውተር ነው። የሱን የይለፍ ቃል የሚያውቀው ደግሞ ናሆም ብቻ። «ለደኅንነት ሲባል ከአንድ ሰው አፍ አይውጣ» ብለው ያዘዙት አለቃችን ኢንጂነር ፍስሐ ናቸው።

አርብ ዕለት የመጨረሻው ስብሰባ ነበር። ሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የማኅበሩ ሰዎችና ከውጭ ገዢ የተወከሉ እንግዶች መጥተው ሥራውን ሊያዩ ነው። ናሆም በስብሰባው መሐል ተነስቶ ወጣ። ተመለሰ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ወጣ። ኢንጂነር ፍስሐ እስክሪብቷቸውን ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት።

«ማነው እሱ በየደቂቃው የሚደውልልህ?»

«ማንም አልደወለልኝም ኢንጂነር። ውኃ ልጠጣ ነው የወጣሁት።»

«ውኃ? ሰው ፊት አታሹፍብኝ! ልብህ ሌላ ቤት ከሄደ ንገረን።»

ናሆም ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። ስንወጣ ግን እንደ ልማዱ ሊቀልድ ሞከረ። «አይዞሽ፣ ሰኞ ጠዋት ሰርተፍኬቶቹን አድሳለሁ። ሻይ እስኪቀርብልሽ ያልቃል» አለኝ። ፊቱ ከስቷል፣ ሸሚዙ ትከሻው ላይ ተንጠልጥሏል። ሥራው አክስቶት ነው ብዬ አለፍኩ።

ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስገባ ክትትል የምናደርግበት ስክሪን ቀይ ሆኖ ጠበቀኝ። አራቱም። የሰርተፍኬቱ ጊዜ አልፏል፤ ኖዶቹ አንዳቸው የሌላውን ጥሪ አልቀበልም እያሉ ነው። አልደነገጥኩም፤ ናሆም ይመጣል። ሻይ አዘዝኩ። ሻዩ መጣ፣ ቀዘቀዘ፤ ናሆም የለም። ደወልኩ። «የደወሉላቸው ደንበኛ አሁን ጥሪ መቀበል አይችሉም።» ደግሜ ደወልኩ። ያቺው ሴትዮ፣ ያው ድምፅ።

ኢንጂነር ፍስሐ ከረባት አስረው ገቡ። ስክሪኑን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ባዶውን ወንበር አዩ።

«የታለ?»

«ስልኩ ዝግ ነው ኢንጂነር። መንገድ ላይ ይሆናል።»

«ሌላ መንገድ የለም? አንቺ ማደስ አትችይም?»

«ያለ ይለፍ ቃሉ አይሆንም። ከዜሮ እንጀምር ካልን ደግሞ ለእያንዳንዱ ኖድ አዲስ መታወቂያ ሠርተን፣ አራቱም ቦታ ሄደን፣ በእጃችን መጫን አለብን። አንዱ አዳማ ነው። ዛሬ አይደርስም።»

ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ። ከረባታቸውን ፈቱት። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስል፣ «ሄዷል። ጥሎን ሄዷል። አርብ ዕለት አውቄዋለሁ» አሉ።

እውነቱን ለመናገር እኔም ተጠራጠርኩ። ሰው በአንዲት ጠዋት ስንት ነገር ያስባል! ሌላ ድርጅት ወስዶት ይሆን? ተቀይሞ ይሆን? ደግሞ ይህ ሥራ ከከሸፈ ድርጅቱ ይበተናል፤ እኔ የትም የማልታወቅ ጀማሪ ነኝ።

«ቤቱን አውቀዋለሁ» አልኩ። «አንዴ ሰርቨር የገዛን ቀን ቢሮው ተዘግቶ ስለነበር ዕቃውን ቤቱ አብረን አሳድረናል። ቂርቆስ ነው። ልሂድ?»

«ሂጂ» አሉ ሳያዩኝ። «ሰውየውን አልፈልገውም። የይለፍ ቃሉን ብቻ ይዘሽልኝ ነይ።»

ለገሃር የሚጮህ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። መንገዱ ተዘግቷል። ረዳቱን እንኳ ሒሳብ ሁለቴ ጠይቆኝ ነው የሰማሁት። በየፌርማታው እደውላለሁ፤ ዝግ ነው። ለገሃር ወርጄ ወደ ቂርቆስ በእግሬ ገባሁ፤ ሩጫም ርምጃም ባልሆነ አካሄድ። ቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያሉት መንደሮች አንዱ ካንዱ ይመሳሰላሉ፤ ያው የተነባበረ ቆርቆሮ፣ ያው ጠባብ ቅያስ። ሁለት ጊዜ ተሳስቼ የማላውቀው ሰው ግቢ ገባሁ። በመጨረሻ አንዲት ሱቅ አስታወሰችኝ፤ ሰርቨሩን ያመጣን ቀን ገመድ የገዛነው ከሷ ነው። ባለሱቁ ከድር ይባላል።

«ናሆም? ረጅሙ? እዚህኛው ግቢ ነው፣ ዝለቂ» አለኝ። «ቅዳሜ ለስላሳ ሲወስድ አየሁት። ሙሉ ፌስታል። ድግስ አለ እንዴ ብዬው ሳቀ።»

ግቢው ውስጥ አከራዩ እትዬ በላይነሽ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ።

«ደህና አደሩ እትዬ? ናሆም አለ?»

«ሥራ ሄዷል እንጂ ልጄ። በዚህ ሰዓት መቼ ይገኛል?»

«ሥራ አልመጣም። እኔ አብሬው ነው የምሠራው።»

«እንግዲያ ወጥቶ ይሆናላ። ልጅ እግር አይደል?»

ተስፋ ቆርጬ ልመለስ ነበር። ሁለት እርምጃ ሄጃለሁ። ግን የክፍሉን በር አየሁት፤ ከውጭ ቁልፍ አልተንጠለጠለበትም።

«እትዬ፣ ሲወጣ በምንድን ነው የሚቆልፈው?»

«በጓጉንቸር ነዋ...» ብለው ቀና አሉ። ምስሩን አስቀመጡት።

በሩን አንኳኳሁ። ገፋሁት፤ ከውስጥ ተቀርቅሯል። «ናሆም! እኔ ነኝ!» ዝም። ጆሮዬን በሩ ላይ አስጠጋሁ። መጀመሪያ የሰማሁት የኮምፒውተር ማራገቢያ ነው። ከሱ ሥር ግን ሌላ ድምፅ አለ። ትንፋሽ ነው፤ የተኛ ሰው ትንፋሽ ግን አይደለም። ዳገት ሮጦ የጨረሰ ሰው የሚተነፍሰው ዓይነት፣ ጥልቅ፣ ፈጣን፣ የማያቋርጥ።

«በሩን እንስበረው» አልኩ።

እትዬ በላይነሽ እጄን ያዙኝ። «ቆይ ልጄ። ብቻውን ባይሆንስ? ሰው ቤት...»

እሳቸው ያሉት እኔም ያሰብኩት ነው። ሴት ብትኖርስ? ሰክሮ ቢሆንስ? ሰባብረን ገብተን «ምን ሆናችሁ?» ቢለንስ? ያቺን ቅጽበት አልረሳትም። ኀፍረትና ፍርሃት ሁለቱም አንቀው ይዘውኛል፤ ያ ትንፋሽ ደግሞ አይቆምም። በዚህ መሐል ስልኬ ጮኸ፤ ኢንጂነር ፍስሐ ናቸው።

«አገኘሽው?»

«ውስጥ አለ ኢንጂነር፣ ግን አይከፍትም። በሩን ልንሰብር ነው።»

«ምን? ምን ልትሰብሩ?»

ዘጋሁባቸው። በሕይወቴ አለቃ ላይ ስልክ ስዘጋ የመጀመሪያዬ ነው። ወደ ሱቁ ሮጥኩ፤ ከድር ምንም ሳይጠይቅ የሱቁን መዝጊያ የሚወጥርበትን ብረት ይዞ ተከተለኝ። በሩ ላይ ሰክቶ ሁለት ጊዜ ሲጭነው መቀርቀሪያው ተገነጠለ።

ናሆም አልጋውና ጠረጴዛው መሐል ወለል ላይ ወድቋል። ዙሪያውን የውኃና የለስላሳ ጠርሙስ ተንጋሎ ይታያል። አስታውኮበታል። ዓይኑ ግማሽ ክፍት ነው፤ እኔን ግን አያይም። ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ከአፉ የሚወጣው ሽታ የመጠጥ አይደለም፤ የበሰበሰ ፍራፍሬና የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የተቀላቀለ ይመስላል።

እትዬ በላይነሽ «ወይኔ ልጄን!» ብለው ጮኹ።

ከድር በጀርባው አዘለው። እግሩ መሬት እየነካ፣ እኔ ከኋላ እየደገፍኩ፣ እስከ ዋናው መንገድ ወሰድነው። የመጀመሪያው ታክሲ አይቶን አለፈ። ሁለተኛው አሮጌ ላዳ ቆመ፤ ሽማግሌው ሾፌር አንገታቸውን አወጡ።

«በሕይወት አለ?»

«አለ አባባ! ይተነፍሳል!»

«ግቡ በሉ። መስኮቱን ክፈቱለት።»

ጭንቅላቱ ጭኔ ላይ ነው። ሜክሲኮ ጋ ስንደርስ መኪናው ሁሉ ቆሟል። ሾፌሩ ክላክስ ያደርጋሉ፣ ማንም አይሰማም። ከድር በሩን ከፍቶ ወረደና መኪኖቹ መሐል ቆሞ በእጁም በድምፁም «በሽተኛ ነው! በናታችሁ! በሽተኛ ነው!» እያለ መንገድ አስከፈተ። አደባባዩን በእግሩ እየሮጠ ነው ያሻገረን። እኔ የናሆምን ትንፋሽ እቆጥር ነበር። መቁጠር ካቆምኩ እሱም የሚያቆም እየመሰለኝ።

ሆስፒታል እንደደረስን አልጋ ገፍተው ወሰዱት። አንዲት ሲስተር ወረቀት ይዛ አጠገቤ ቆመች።

«ስኳር አለበት?»

«አላውቅም።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የታመመው?»

«አላውቅም።»

«የቤተሰብ ስልክ?»

«አላውቅም።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ምኑ ነሽ?»

ምን ልበል? በየቀኑ አብሬው የምውል፣ ሻይ ውስጥ ስንት ማንኪያ ስኳር እንደሚጨምር የማውቅ፣ ሌላ ግን ምንም የማላውቅ። «የሥራ ባልደረባው» አልኩ። ቃሉ አፌ ውስጥ ቀለለብኝ።

ሐኪሙ ብዙ ሳይቆይ ወጣ። «የደም ስኳሩ መሣሪያችን ከሚያነበው በላይ ነው። ደሙ አሲድ ሆኗል። እሱም ስኳር እንዳለበት ያወቀ አይመስለኝም፤ ውኃ ጥሙ ሲጠናበት ለስላሳ ሲጠጣ የባሰበት ይመስላል። ሕክምና ጀምረንለታል፤ ግን ገና ነው» አለን። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እስከ ማታ ብትቆዩ ኖሮ ይዛችሁት የምትመጡት ለሌላ ነገር ነበር» አለ።

ከድር ግድግዳው ላይ ተደገፈና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ለስላሳውን የሸጠለት እሱ ነው። «አንተ ምን ታውቃለህ? ማን አወቀ?» አልኩት። አልሰማኝም።

ኢንጂነር ፍስሐ ደወሉ። ነገርኳቸው። «እግዚአብሔር ይማረው» አሉ። ቀጥለው፣ ድምፃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ «ሲነቃ ጠይቂው። አንዲት ቃል ናት። እንግዶቹ ከሆቴል ሊነሱ ነው» አሉ። ክፉ ሰው እንዳይመስሏችሁ። ያን ድርጅት ከአንዲት ጠረጴዛ ያቆሙት እሳቸው ናቸው፤ ከፈረሰ የምንበተነውም ሁላችንም ነን። በፍርሃት የሚናገር ሰው ምን እንደሚመስል አውቃለሁና ድምፃቸውን አውቄዋለሁ።

ስምንት ሰዓት ካለፈ በኋላ ሲስተሯ ጠራችኝ። «ነቅቷል። ለአፍታ ብቻ፤ አታስጨንቂው።»

ናሆም በክንዱ ላይ ቱቦ ተሰክቶበት ተንጋሏል። ዓይኑ አገኘኝ። ከንፈሩን ለማላቀቅ ታገለ።

«ስንት ሰዓት ነው?»

«ምን አስጨነቀህ?»

«ሰርተፍኬቱ... ሰዎቹ መጡ እንዴ?» ሊነሳ ሞከረ። አጠገቡ ያለው መሣሪያ ቶሎ ቶሎ መጮህ ጀመረ። «ጻፊ... የይለፍ ቃሉን... ጻፊ።»

እስክሪብቶ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። ስልኬም እጄ ላይ ነው። በአንዲት ትንፋሽ ሁሉም ነገር ይድናል፤ ካዛንቺስ የሚጠብቁት ሰዎች፣ ሥራዬ፣ አለቃዬ። ግን ግንባሩ ላይ ላቡ ችፍ ሲል፣ ለእኛ ሲል ፊደል ለማስታወስ ሲታገል አየሁት። አልቻልኩም።

«ተራዝሟል» አልኩት።

«እ?»

«ፕሮግራሙ ተራዝሟል። ጠዋት ነው የተነገረን። በቃ፣ ተኛ።»

ትከሻው አልጋው ላይ ወደቀ። ዓይኑን ጨፈነ። መሣሪያውም ቀስ በቀስ ዝም አለ።

ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። ደወልኩ።

«ነቃ?» አሉ ኢንጂነር ፍስሐ ገና ሳይጠራ አንስተው። «ነገረሽ?»

«ልንገርሽ ብሎኝ ነበር። ተራዝሟል ብዬዋለሁ።»

«ማነው ያራዘመው?»

«እኔ። አሁን እርስዎ እውነት ያድርጉት።»

ስልኩ ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጥበቃ ከጠዋቱ ይብሳል። አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ሥራዬን በሐሳቤ አስረክቤ ጨረስኩ። ለእናቴ ምን ብዬ እንደምነግራት ሁሉ አዘጋጅቻለሁ። ከድር ውኃ ገዝቶልኝ መጣ፤ ሳልከፍተው ያዝኩት። ናሆም ደግሞ እንደገና ተኝቷል፤ ሐኪሙ በገባ በወጣ ቁጥር ፊቱን አያለሁ፤ ፊቱ አይነበብም።

አመሻሹ ላይ ኢንጂነር ፍስሐ በኮሪደሩ ብቅ አሉ። ከረባት የላቸውም። በአንድ እጃቸው ሙዝ፣ በሌላው ትልቅ የማንጎ ጭማቂ ይዘዋል። ሲስተሯ በሩ ላይ አየቻቸውና፣ «ጌታዬ፣ ይህን ለስኳር በሽተኛ ነው ያመጡት?» ብላ ተቀበለቻቸው። የሚያደርጉት ጠፍቷቸው ቆሙ። ሳቅ አመለጠኝ፤ ሳቁ ወዲያው ወደ ልቅሶ ተለወጠ። ቀኑን ሙሉ አላለቀስኩም ነበር።

አጠገቤ ተቀመጡ። «እውነቱን ነገርኳቸው» አሉ። «ቁልፉ ያለው አንድ ልጅ ጋ ነው፣ ልጁ ሆስፒታል ነው፣ ይህም የኔ ስሕተት ነው አልኳቸው። የማኅበሩ ሊቀመንበር መጀመሪያ የጠየቁኝ ‹ልጁ ተረፈ ወይ?› ብለው ነው። የገዢው ተወካይ ግን ሰዓቱን አይቶ ወጣ።» ከዚያም፣ «እኔ እኮ አርብ ዕለት ሰው ፊት ነው የጮኽኩበት» አሉ።

ጭማቂውን ለከድር ሰጠሁት።

ናሆም ተረፈ። እህቱ ከደሴ መጥታ እስኪያገግም አብራው ቆየች። ዛሬ ኢንሱሊኑን ራሱ ይወጋል፣ ስለ ሕመሙም እስኪሰለቸን ያወራል። ሥራው በኋላ ተጀመረ፤ ገዢው ግን አልተመለሰም፤ ያሰብነውን ያህልም አላደገም። የይለፍ ቃሉ ለሦስት ሰው ተከፋፈለ፤ ከሦስቱ ሁለቱ ሲገናኙ ይከፈታል። እትዬ በላይነሽም ከዚያ ወዲህ «ትርፍ ቁልፍ ሳይሰጠኝ ክፍሌን የሚከራይ የለም» ይላሉ።

እኔስ? ስብሰባ ላይ ጥያቄዬን ራሴ እጠይቃለሁ። ያን ቀን ኮሪደር ላይ ከተናገርኩት የባሰ የሚያስፈራ ዓረፍተ ነገር እስካሁን አላጋጠመኝም። ግን ትልቁ ለውጥ እሱ አይደለም። በዚያ በር ፊት ቆሜ የተሰማኝን ኀፍረት ደጋግሜ አስበዋለሁ። ሰው እንዳንደርስለት የሚያደርገን ክፋት እምብዛም አይደለም፤ «ምን ይለኛል?» ነው። ቢስቅብኝስ? ቢቆጣስ? እናንተም ይህን የምታነቡ፣ እስቲ አስቡት፤ ሳትደውሉለት የቀራችሁ፣ ደውላችሁም ዝግ ሲሆን የተዋችሁት ስንት ሰው አለ?

ባለፈው ሰሞን አዲሱ ቢሮዬ ውስጥ አንድ ልጅ ሳይመጣ ቀረ። ስልኩ ዝግ ነው። «ልጅ ነው፣ ይመጣል» አሉኝ። ቦርሳዬን አንስቼ ወደ ቤቱ ሄድኩ። በሩን እስኪነቃነቅ ደበደብኩት። ቢጃማውን እንደለበሰ፣ ፀጉሩ ቆሞ፣ ዓይኑን እያሻሸ ከፈተልኝ።

«ምነው? ምን ተፈጠረ? እንቅልፍ ወስዶኝ ነው እኮ! ምን ሆነሻል አንቺ?»

ጎረቤቶቹ ወጥተው ያዩኛል። አንዷማ በግልጽ ሳቀችብኝ። እኔም በሩ ላይ ቆሜ፣ ከነኀፍረቴ፣ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።